ድንጋይ አልፎ የሚሰማ ራዲዮ



ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰሜን ታይላንድ 12 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ከነአሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ወደተባለ ዋሻ ገቡ። ዝናቡ ጣለ፣ ጎርፉ መውጫውን ዘጋባቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ በቴሌቪዥን ተከታትላችሁታል። ፓምፑ፣ ድሮኑ፣ ሄሊኮፕተሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ከእንግሊዝ አገር በመጣው የነፍስ አድን ዕቃ ውስጥ ግን ካሜራ እምብዛም ያላየው አንድ መሣሪያ ነበር፤ ሄይፎን ይባላል። በ87 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ራዲዮ ነው። የነደፈው ጆን ሄይ የተባለ የራዲዮ አማተር ሲሆን የተሠራውም ለእንግሊዝ የዋሻ ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ነው።

ልጆቹን ያወጣቸው ይህ ራዲዮ ነው አልልም። ያወጧቸው ጠላቂዎቹ ናቸው፤ ሳማን ኩናን የተባለው የቀድሞ የታይላንድ ባሕር ኃይል አባልም በዚያው ሥራ ላይ ሕይወቱን ሰጥቷል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ስልክ ከሳተላይት ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ ሰው ከመሬት በታች ሲቀር ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ዕቃ ጎን ከአንድ አማተር ጠረጴዛ የወጣ መሣሪያም ታሰበ። ዛሬ ማታ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ በአጋጣሚ የሆነ እንዳልሆነ ነው። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ገበያ የተወው መስክ ነው፤ ስለዚህም ለአማተር ክፍት ነው።

እንግዲህ ወደ ፊዚክሱ። አትፍሩ፣ ቀመሩ አንድ ብቻ ነው።

ራዲዮ ሞገድ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ውስጥ ሲገባ እየደከመ ይሄዳል። የመስኩ ጥንካሬ ወደ 37 በመቶ እስኪወርድ የሚሄደውን ርቀት በሜትር ለማግኘት 503ን ለአንድ ቁጥር ታካፍላላችሁ፤ ያ ቁጥር የፍሪኩዌንሲውና የመሬቱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ሞገዱ ቶሎ ይሞታል፤ መሬቱ እርጥብና ጨዋማ ሲሆንም እንደዚሁ። የባሕር ውኃን እንውሰድ፤ አቅሙ በሜትር 4 ሲመንስ ገደማ ነው። በ27 ሜጋ ኸርዝ ብትልኩ ሞገዱ 5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ይደክማል። በ20 ኪሎ ኸርዝ ግን 1.8 ሜትር ይደርሳል። ጠልቆ ላለ ሰርጓጅ መርከብ ትእዛዝ የሚላከው በዚህ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። የማስተላለፍ አቅሙ 0.001 ሲመንስ የሆነ ደረቅ የኖራ ድንጋይ በ87 ኪሎ ኸርዝ 54 ሜትር ያሳልፋል። ሁለትና ሦስት እጥፍ ጥልቀት እንኳ ቢሆን ጥሩ ተቀባይ ይሰማዋል። በ1 ኪሎ ኸርዝ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። አቅሙ 0.1 ሲመንስ የሆነ የራሰ ሸክላማ አፈር ላይ ግን ያው 87 ኪሎ ኸርዝ ከ5 ሜትር ብዙም አያልፍ። ክረምት ላይ መረሬ መሬት ላይ የምትሞክሩ ከሆነ ይህችን ቁጥር አስታውሱ፤ ራዲዮው ተበላሸ ብላችሁ እንዳትፈቱት።

እንቅጩን ለመናገር 87 ኪሎ ኸርዝ፣ በራዲዮ ሰዎች አጠራር፣ ቪኤልኤፍ (እጅግ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ) አይደለም። ቪኤልኤፍ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ኪሎ ኸርዝ ያለው ነው። ሄይፎን ከዚያ ከፍ ማለቱ የሰው ድምፅ ለማስተላለፍ ቦታ ስለሚያስፈልገው ነው። ከ3 እስከ 30 ያለው ሠፈር በሙሉ ቢደመር 27 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ የኤፍኤም ጣቢያ እንኳ አይበቃውም። ሙዚቃ የለም፣ ምስል የለም፣ ማስታወቂያ የለም። ነጋዴው ለምን እንደተወው ገባችሁ?

የዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የመጀመሪያው ዋጋ ይህ የቦታ ጥበት ነው፤ ሁለተኛው አንቴና ነው። በ17.2 ኪሎ ኸርዝ አንድ ሞገድ 17 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ገደማ ይረዝማል። ስዊድን ውስጥ ግሪመተን የሚባል ጣቢያ በዚህ ፍሪኩዌንሲ አሁንም በሥራ ላይ አለ። ከ1922 እስከ 1924 ተሠርቶ በ1925 ንጉሥ ጉስታቭ 5ኛ መረቁት። (የውጭ ታሪክ ስናገር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።) ስድስት ምሰሶዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 127 ሜትር ናቸው። ያም ሆኖ ከሞገዱ ርዝመት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞሉም። ማሰራጫው ቱቦም ትራንዚስተርም የለውም። ኤርንስት አሌክሳንደርሰን የነደፈው፣ የሚሽከረከር፣ 200 ኪሎ ዋት የሚያወጣ የብረት ጄኔሬተር ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ሞርስ ይወጣል። በ2004 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በፈረንጆች የገና ዋዜማና በበጋቸው አንድ ቀን መልእክት ሲያስተላልፍ ብዙ አገር ያሉ አማተሮች ረጅም ሽቦ ከኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ ጋር አገናኝተው ያዳምጡታል። በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ ተራ ሳውንድ ካርድ እስከ 24 ኪሎ ኸርዝ ስለሚሰማ ሌላ ራዲዮ አያሻም።

እንግዲህ ስድስት የብረት ምሰሶ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ከመሬት በታች መቶና ሁለት መቶ ሜትር ለመነጋገር ሞገድ ጭራሽ ማሰራጨት አያስፈልግም። ሽቦ ጠቅልላችሁ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስትሰዱበት ዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ ሌላ ጥቅል ሽቦ በዚያ መስክ ውስጥ ሲቀመጥ ድምፁን ይወስዳል። ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚሁ ነው፤ የእኛው ልዩነት በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ተራራ መኖሩ ብቻ ነው። ክፋቱ፣ መስኩ በርቀት ኪዩብ ይቀንሳል። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት መስኩ ስምንት ጊዜ ያንሳል፤ ያን ለማካካስ ኃይሉን 64 ጊዜ ማሳደግ አለባችሁ። በ1 ዋት 50 ሜትር ብትደርሱ፣ ለ100 ሜትር 64 ዋት ትፈልጋላችሁ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ አምፕሊፋየር ማሳደግ የሰነፍ መንገድ ነው። ጎበዝ የሆነ ሰው የጥቅሉን ስፋት ያሳድጋል፣ ተቀባዩን ያጠራል፣ ጫጫታ የሌለበት ቦታ ይፈልጋል።

የመግነጢሱ መስክ ግን ከንግግርም የሚበልጥ አንድ ጥቅም አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከዛሬው ንግግሬ ሁሉ ይዛችሁ እንድትሄዱልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው ጥቅል ሽቦውን መሬት ላይ አግድም ዘርግቶ አንድ ወጥ ድምፅ ይልካል እንበል። እናንተ ላይ፣ ሜዳው ላይ፣ ሌላ ጥቅል ይዛችሁ ቆማችኋል። ጥቅሉን እንደ በር አቁማችሁ ቀስ እያላችሁ ታዞሩታላችሁ። አንድ አቅጣጫ ላይ ድምፁ ጭጭ ይላል። በዚያን ጊዜ ጥቅሉ በፊቱ የሚያየው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ነው፤ ጠርዙ ግን ከታች ባለው ሰው አናት ላይ ወዳለው ነጥብ ይጠቁማል። መስመሩን በገመድ ታሰምራላችሁ። ከዚያ ፈቀቅ ብላችሁ ከሌላ ቦታ ትደግሙታላችሁ። ሁለቱ ገመዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስትቆሙ ጥቅሉን የትም ብታዞሩት ድምፅ የለም። ሰውየው ከእግራችሁ ሥር ነው።

ጥልቀቱስ? አሁን ጥቅሉን አግድም ያዙትና ከነጥቡ እየራቃችሁ ተራመዱ። መጀመሪያ ድምፁ ብርቱ ነው፤ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ድርግም ይላል፤ አልፋችሁት ስትሄዱ ይመለሳል። ድምፁ የጠፋበት ቦታ ከነጥቡ ያለው ርቀት የጥልቀቱ 1.41 እጥፍ ነው። 70 ሜትር ተራምዳችሁ ከሆነ ሰውየው 50 ሜትር ታች አለ ማለት ነው። ሜዳው ደልዳላ መሆን አለበት፤ አካባቢው ላይ የብረት ቱቦ ወይም አጥር ካለ ደግሞ ያሳስታል። ግን አስቡት፤ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ በሽቦ፣ በባትሪና በሜትር ብቻ የት እንደሚቆፈር ይታወቃል። የዋሻ ካርታ የሚያነሱ አማተሮች ሥራቸውን የሚያረጋግጡት በዚህ ዘዴ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሽቦ በመጠቅለል ፋንታ ሁለት የብረት ካስማዎች አራርቆ መትከልና ኤሌክትሪኩን በራሱ በመሬቱ ውስጥ መስደድ ነው። ሄይፎን በሁለቱም ይሠራል። ይህኛው ዘዴ ከራዲዮ ራሱ ያረጀ ነው። በ1902 ናታን ስተብልፊልድ የተባለ የኬንታኪ ገበሬ መሬት ላይ በተከላቸው ዘንጎች የሰው ድምፅ አሰምቶ ጋዜጠኛ ሁሉ ጉድ ብሎለት ነበር። የትውልድ ከተማው ሰዎች ዛሬም ራዲዮን የፈለሰፈ እሱ ነው ይላሉ። አልፈለሰፈም፤ ራዲዮ ሞገድ አልላከምና። ሠርቶ ያሳየው ግን የራሱ ክብር ያለው ነገር ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ነገሩ ወደ ጆሮ ጠቢነት ዞረ። በምሽጎቹ ውስጥ የተዘረጋው የሜዳ ስልክ አንድ ሽቦ ብቻ ነበረው፤ መመለሻው መሬት ነበር። መሬት ደግሞ ምስጢር አትጠብቅም። ጠላት ካስማ ተክሎ፣ አምፕሊፋየር አገናኝቶ ወሬውን ይሰማ ጀመር። እንግሊዞች ይህን ለመከላከል ፉለርፎን የተባለ መሣሪያ እስከ መሥራት ደርሰዋል። ከጀርመኖች በኩል ሃይንሪሽ ባርክሃውዘን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሲያዳምጥ ግን ከወታደሮቹ ወሬ መሀል እንግዳ ነገር ሰማ፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ፉጨት። በ1919 አሳተመው፤ ምንነቱ ግን በውል ሳይገለጽ 30 ዓመት አለፈ። በ1953 ካምብሪጅ ላይ ስቶሪ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ፈታው። ፉጨቱ የመብረቅ ልጅ ነው። ከአንዱ ንፍቀ ክበብ የተነሳው የመብረቅ ሞገድ የምድርን መግነጢሳዊ መስመር ተከትሎ ወደ ጠፈር ይወጣል፣ በሌላው ንፍቀ ክበብ ይወርዳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ፣ ወፍራሙ ዘግይቶ ስለሚደርስ ፉጨት ሆኖ ይሰማል። የጦርነት ስለላ የጠፈር ምርምር በር ከፈተ ማለት ነው።

መብረቅን ካነሳን አንድ አሳዛኝ ታሪክ ልጨምር። ጃንዋሪ 2 ቀን 2006 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ሳጎ በሚባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ። 13 ሠራተኞች ውስጥ ቀሩ፤ በሕይወት የወጣው አንድ ብቻ ነው። ከላይ ካሉት ሰዎች ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። የጣሪያውን ብረት በመዶሻ ቢቀጠቅጡም የሰማቸው አልተገኘም። የፌዴራሉ የማዕድን ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ ሳይንሱን ለሚያውቅ ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ለፍንዳታው መነሻ ይሆናል የተባለው መብረቅ ነው፤ የመብረቁ ጉልበት መሬቱን ዘልቆ፣ በታሸገው ክፍል ውስጥ ተረስቶ በቀረ አሮጌ የፓምፕ ኬብል ላይ ኤሌክትሪክ ፈጥሮ ሚቴኑን አቀጣጠለው። ድንጋዩ የሰውን ድምፅ አላሳለፈም፤ የመብረቁን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን አሳለፈ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የማዕድን ኩባንያዎች ከአደጋ በኋላም የሚሠራ ሽቦ አልባ መገናኛ እንዲኖራቸው አስገደደ። ከዚህ በኋላ የመሬት ውስጥ ራዲዮ ምርምር ትልቅ ገንዘብ አየ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ነገ መጀመር የሚፈልግ ሰው ከመላክ በፊት ማዳመጥ ይጀምር። ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ ትንሽ አምፕሊፋየርና የጆሮ ማዳመጫ ነው። ከተማ ውስጥ የምትሰሙት የመብራት ኃይልን 50 ኸርዝና ልጆቹን ብቻ ነው፤ 100፣ 150፣ 200 እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ መስመር ወዳልደረሰበት ገጠር ውጡ። የመብራት አለመኖር ሀብት የሚሆንበት ሥራ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም! እዚያ የክረምት መብረቅ እንደሚፈነዳ ፈንድሻ ይንጣጣል። ማታ ደግሞ ትዊክ የሚባለውን፣ ጠብ ሲል የሚያስተጋባውን አጭር ድምፅ ትሰማላችሁ። ይህ ድምፅ በመሬትና በአዮኖስፌር መካከል ተንጠልጥሎ የመጣ የሩቅ መብረቅ ነው። በኮምፒውተር ስታዩት ከ1,700 ኸርዝ አካባቢ በታች አይወርድም። 150,000ን ለ1,700 አካፍሉት፤ 88 ይመጣል። የአዮኖስፌርን የሌሊት ከፍታ በኪሎ ሜትር ለካችሁ ማለት ነው።

የባርክሃውዘንን ፉጨት ግን እዚህ አትጠብቁ። አገራችን የምትገኘው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ ነው፤ መስመሮቹ በእኛ ሰማይ ላይ አግድም ይተኛሉ እንጂ ወደ እኛ አይወርዱም። የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት የተቋቋመው ይህን ልዩ ቦታ ለመጠቀም ነው። አንዱን ብናጣ ብዙ አገር የሌለው ነገር አለን።

ለመላክ ስትነሱ ሕጉን አስቀድሙ። ፍሪኩዌንሲ የአገር ሀብት ነው፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። አምስት ኪሎ ያለው ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የአማተር ማኅበሩ ጣቢያም መንገዱን ያሳያችኋል። ሰማይ ሲያጉረመርም የውጭ ሽቦ አትንኩ። ካስማ የተከላችሁበት ቦታ ልጅና ከብት እንዳይቀርብ አድርጉ። ሚቴን ሊኖርበት በሚችል የከሰል ጉድጓድ ውስጥ በእጅ የተሠራ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ምክንያቱን ሳጎ ላይ ሰምታችኋል። ድምፅ ስትመርጡ ደግሞ ልክ 1,000 ኸርዝ አትውሰዱ፤ የመብራቱ ብዜት ላይ ያርፋል። 1,025 ብትሉ በሁለቱ ብዜቶች መካከል ጸጥታ ታገኛላችሁ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ደላንታ ነው። በወሎ ገደሎች ላይ ወጣቶቻችን ኦፓል ፍለጋ በዶማና በመዶሻ ወደ ተራራው ሆድ ይገባሉ። ድጋፍ የሌለው፣ ካርታ የሌለው ዋሻ ነው። በ2016 ዓ.ም. አንዱ ተንዶ ቆፋሪዎች ውስጥ ቀርተዋል፤ ወገን በእጁ ድንጋይ ሲፈነቅል ሰንብቷል። እንዲህ ዓይነት አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ የት ናቸው የሚል ነው። የነገርኳችሁ የጥቅል ሽቦ ዘዴ ለዚያች ጥያቄ መልስ አለው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል፣ ድምፅ የሚያመነጭ ትንሽ ሰርኪት፣ የሞተር ሳይክል ባትሪ ታች፤ ሌላ ጥቅልና ማዳመጫ ላይ። ዕቃው ከመርካቶ ይገዛል። የደላንታን ድንጋይ የማስተላለፍ አቅም ግን ሄዶ መለካት ይጠይቃል፤ ከእንግሊዝ የኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ነው ብሎ መገመት አይቻልም።

የኤሌክትሪክና የጂኦሎጂ ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይኸው። ሁለት ሆናችሁ፣ አንዳችሁ ሽቦውን አንዳችሁ ድንጋዩን ይዛችሁ፣ በመጪው በጋ ደላንታ ውጡ፤ ከቆፋሪዎቹ ማኅበራት ጋር ተነጋገሩና መለካት ጀምሩ።